በሞዴል 19 የገባ ሬሳ

ርክክቡ ትንሽ በዓል ነበር። የትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ 12 ኮምፒውተሮች «ለተማሪዎቻችን» ተብለው ተሰጡ። ርዕሰ መምህሩ አመሰገኑ፤ ለሰጪዎቹ ተጨበጨበላቸው። ከካርቶኑ ወጥቶ ሶኬት የነካ ማሽን ግን አንድም አልነበረም። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ መነጽራቸውን አስተካክለው የንብረት ገቢ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ን፣ ቆረጡ፦ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ፣ ብዛት 12። በማግሥቱ ተራ በተራ ሲሰኩ 4ቱ ተነሡ። 8ቱ አልተነሡም።

«ታዲያ የማይሠሩትን ለሰጡን ሰዎች ብንመልስላቸውስ እትዬ?» ተባሉ። እስካሁን የሚከነክነኝ መልሳቸው ነው። ደብተሩን ዘጋ አድርገው፣ «ልጄ፣ ማስገባቱ አንድ ፊርማ ነው። ማስወጣቱ ነው ዕድሜ የሚፈጀው» አሉ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ፈርሞ የተረከበ ሰው ለዚህች ንግግር ማብራሪያ አይጠይቅም። ሞዴሉ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛትና ዋጋ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ «ይሠራል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ መስመር የለም። የሚሠራውም የሞተውም እኩል «12» ተብሎ ይገባል፣ መለያ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ከዚያ በየዓመቱ ቆጠራ ሲመጣ አቧራው ተራግፎ ይቀርባል። አንዱ ቢጎድል ተጠያቂዋ የፈረሙት ሴትዮ ናቸው።

ነገሩ የተገለበጠብኝ እዚያ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አሮጌ ኮምፒውተር መስጠት በጎ ሥራ ነው፣ ቢበዛ የማይጠቅም በጎ ሥራ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ያን ቀን የሆነው ግን ሌላ ነው። ሰጪው መጋዘኑን አጸዳ፤ ተቀባዩ ግምጃ ቤቱን ሞላ፤ ሬሳውን የመቅበር ወጪና ኃላፊነት አቅም ካለው ወደሌለው ተዛወረ፣ ያውም በምስጋና ደብዳቤ ታጅቦ። ለትምህርት ቤቱ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ሊሰጥ ወይም ሊጥል ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የመጨረሻዋን ብሎን የሚረከበው ማነው?

ሞቷል ወይስ ራሱን ስቷል?

«አይሠራም» የሚለው ቃል ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ብዙ አይናገርም። ሰዉ ሁሉ «ሲፒዩ» ብሎ የሚጠራው ሳጥን (እውነተኛው ሲፒዩ ውስጡ ያለችው፣ የክብሪት ቀፎ የምታህለው ቺፕ ናት) የብዙ ዕቃዎች ስብስብ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ በሕይወት አሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ምርመራው ከግድግዳው ይጀምራል።

መጀመሪያ ስፒናውና ገመዱ። ቀጥሎ በሳጥኑ ጀርባ፣ ፓወር ሰፕላዩ (ከግድግዳው የመጣውን ኤሌክትሪክ ለሌሎቹ ክፍሎች የሚያከፋፍለው) ላይ ያለችው ማብሪያ። ከዚያ በፊት ግን በአሮጌ ዴስክቶፖች ላይ እዚያው አጠገቧ ያለችውን ትንሽ ቀይ መንሸራተቻ ማየት ግዴታ ነው፤ 115 ወይም 230 የሚል ጽሑፍ አለባት። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ብዙውን ጊዜ 115 ላይ ተደርጎ ነው የሚደርሰን። በዚያ አቀማመጥ ፓወር ሰፕላዩ የሚገባውን ቮልቴጅ በእጥፍ እንዲያሳድግ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የእኛን 220 ሲሰጡት ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ከአቅማቸው በላይ ይሆንባቸዋል። የሚሰማው አንድ «ጧ!» ነው፤ ከዚያ የተቃጠለ ሽታ። ከስምንቱ አንዱ የሞተው በዚህ መንገድ፣ እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። አገር አቋርጦ በሰላም መጥቶ ሶኬቱ ላይ ሞተ።

ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው መሞከር ይቻላል። ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሎ፣ ወደ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ ወደሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ) የሚሄደው ባለ 24 ቀዳዳ መሰኪያ ይነቀላል፤ በመሰኪያው ላይ ብቸኛዋ አረንጓዴ ሽቦ ከየትኛውም ጥቁር ሽቦ ጋር በታጠፈ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ትገናኛለች፤ ከዚያ ይሰካል። ፋኑ ከዞረ ቢያንስ ይተነፍሳል። በቴስተር ሲለካ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት መስጠት አለበት፤ 5 በመቶ ከፍ ዝቅ ቢል ችግር የለውም። 12ቱ ወደ 11 ከወረደ ግን ፋን ማዞሩ አያታልላችሁ፣ ሥራ ሲጫነው ይወድቃል። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን መክፈት ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፋን እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ራም ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚያስታውስበት ቀጭን ሰሌዳ። ጎንና ጎኑን የያዙትን መቆለፊያዎች ገፋ አድርጎ ማውጣት፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ ቀስ ብሎ መፈግፈግ፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ፣ መልሶ ሁለቱም መቆለፊያዎች «ቀጭ» እስኪሉ መጫን። ይኸው ነው። አቧራና እርጥበት ጥርሶቹ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ኤሌክትሪኩ ማለፊያ ያጣል። ከስምንቱ 3ቱ የተነሡት በላጲስ ነው። የአንድ ላጲስ ዋጋ ያህል ሥራ ሰጪው ቢሮ ውስጥ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ነገር ይቀር ነበር!

ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ሲሊንደር የሚመስሉ ካፓሲተሮች አናት ማየትም ተገቢ ነው። ጤነኛው ጠፍጣፋ ነው፤ የታመመው ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣ። ከ1999 እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በተሠሩ ብዙ ቦርዶች ላይ ይህ በሽታ ወረርሽኝ ነበር። ጎበዝ ጠጋኝ አውልቆ ይቀይራቸዋል፤ ያን ያህል ያረጀ ማሽን ላይ ግን ድካሙ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ሌላዋ አሳሳች ሳንቲም የምታህለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት፣ ሲአር 2032። ስትደክም የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይሄዳል። ሰዓቱ ሲዛባ ድረ ገጾች «ደኅንነቱ የተረጋገጠ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም፤ ተጠቃሚው «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ይላል፤ ጤነኛ ማሽን በሳንቲም ባትሪ ምክንያት ጥግ ይይዛል።

«አረጀ» የተባለ ሁሉ ደግሞ አልሞተም። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ሲያበቃ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ ምንም ያልጎደላቸው ማሽኖች በየቢሮው ከሥራ ወጡ። 4 ጊጋ ራም ያለው ባለ 64 ቢት ማሽን የድሮው ዲስክ በኤስኤስዲ (በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ቢቀየርለትና በዊንዶውስ ፈንታ በነፃ የሚገኘው ሊኑክስ ሚንት ወይም ሉቡንቱ ቢጫንበት ለትምህርት ቤት በቂ ነው። አማርኛ መጻፊያም ይጫንለታል፤ ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ኪዊክስ በሚባል ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ከነሥዕሉ ዲስኩ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።

የእኔ ልማድ ለአንድ ማሽን ግማሽ ሰዓት ነው። በግማሽ ሰዓት ካልተነሣ ለሌሎቹ መለዋወጫ ይሁን። በዚህ ሒሳብ ሦስቱ በላጲስ፣ አንዱ ከሌላ በተወሰደ ፓወር ሰፕላይ ተነሡና ትምህርት ቤቱ 8 የሚሠራ ኮምፒውተር አገኘ። አራቱ ቀሩ።

ካርዱን ቀዶ ፋይሉን መተው

ከ12ቱ ዲስኮች በአንዱ ላይ የማያውቋቸው ሰዎች የደመወዝ ዝርዝር ከነባንክ ሒሳብ ቁጥራቸው ቁጭ ብሎ ነበር። ሰጪዎቹ «አጥፍተነዋል» ብለው ያምናሉ፤ አልዋሹም፣ ዴሊት ብለውታል፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርገዋል።

መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ኮምፒውተር ፋይል ሲያጠፋ የሚቀደው የማውጫ ካርዱን ነው፤ ፋይሉ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው። «ቦታው ነፃ ነው» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ማንም አይነካውም። ፈጣን ፎርማት ማድረግም ያው ነው፣ የካርድ ሳጥኑን በሙሉ መድፋት። የጠፋ ፋይል የሚመልስ፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም መደርደሪያውን አንድ በአንድ ፈትሾ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ጥናት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ 158 ዲስኮች ገዝቶ ነበር፤ ከሚሠሩት 129 ውስጥ በትክክል የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ያ ቁጥር ተሻሽሎ ይሆናል ብሎ መተኛት አይመከርም።

የሚሽከረከረው ዲስክ የሚሠራ ከሆነ መፍትሔው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ በዜሮ መሙላት ነው። ሰባት ጊዜ፣ 35 ጊዜ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለነበሩ ዲስኮች የተነገረ ነገር ነው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው መመሪያ ለተለመደ ጉዳይ አንድ ዙር ይበቃል ይላል። ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማያያዝ፣ ዊንዶውስ ላይ በአስተዳዳሪነት «ዲስክፓርት» መክፈት፣ «ሊስት ዲስክ» ብሎ ዝርዝሩን ማየት፣ «ሴሌክት ዲስክ» ብሎ ቁጥሩን መምረጥ፣ ከዚያ «ክሊን ኦል»። ሁለት ስህተቶች እዚህ ይደጋገማሉ። አንደኛው «ኦል»ን መርሳት ነው፤ «ክሊን» ብቻውን ካርዱን ብቻ ነው የሚቀደው። ሁለተኛው የራስን ዲስክ መምረጥ ነው፤ ይሄኛው ያስለቅሳል። ቁጥሩን ሳይሆን መጠኑን አይታችሁ ለዩ፤ 500 ጊጋው የቱ ነው፣ 240 ጊጋው የቱ ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋ ባይት የሚጽፍ ባለ 500 ጊጋ ዲስክ 83 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። በሁለት ደቂቃ ካለቀ «ኦል» ተረስቷል ማለት ነው።

ኤስኤስዲ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እድሜው እንዲረዝም ጽሑፉን በየቺፑ እያፈራረቀ ያስቀምጣል፤ ለእኛ የማይታይ ትርፍ ቦታም አለው። ስለዚህ ከላይ በዜሮ ብንሞላውም ታች የቀረ ነገር ሊኖር ይችላል። ለእሱ የአምራቹን ፕሮግራም ወይም በአንዳንድ ማሽኖች ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ የሚገኘውን «ሴኪዩር ኢሬዝ» የተባለ የማጽጃ ትእዛዝ መጠቀም ነው። አንዳንዴ «ፍሮዝን» ብሎ እምቢ ይላል፤ ኮምፒውተሩን አስተኝቶ መቀስቀስ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዲስኩን ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ በሚያደርገው የዊንዶውስ መቆለፊያ፣ በቢትሎከር፣ መቆለፍ ነው፤ ያኔ የስንብቱ ቀን ቁልፉን ማጥፋት በቂ ይሆናል።

የማይሠራ ዲስክ አይጸዳም፤ ይሰበራል። ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ካቻቢቴ፣ ቁጥር 8፣ ክዳኑን ይፈታል። አልከፈት ካለ አንዷ ብሎን ከተለጠፈው ወረቀት ሥር ተደብቃለች። ውስጡ እንደ መስተዋት የሚያበሩ ክቦች አሉ፤ እነሱን መቧጨርና ማጣመም ነው። የላፕቶፕ ዲስክ ከሆነ ክቦቹ ብዙውን ጊዜ ብርጭቆ ናቸው፣ ሲመቱ ይረጫሉ፤ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የዓይን መከላከያ አድርጎ ነው። መክፈት ካልተቻለ በትራፓኖ ክቦቹን የሚያገኙ ሦስትና አራት ቀዳዳዎች መብሳት። ኤስኤስዲ ላይ ግን መሐሉን መብሳት ብቻ አይበቃም፤ ጥቁሮቹ ቺፖች እያንዳንዳቸው መሰበር አለባቸው። ማግኔት ለኤስኤስዲ ምንም አያደርግም። እሳት ደግሞ ለማንኛቸውም አይሆንም።

የሚሠራ ዲስክን ግን መስበር ደግ አይደለም። «ለጥንቃቄ» ብለው ዲስኩን አውጥተው ሳጥኑን ብቻ የሚሰጡ አሉ። ተቀባዩ ትምህርት ቤት ዲስክ መግዣ የለውም፤ በላፕቶፕ ላይማ ዲስኩን የምትይዘው ቀጭን ፍሬምና ብሎኖቿ አብረው ስለሚጠፉ ቢገዛም አይገጥምም። የአፕል ኮምፒውተር የሚሰጥ ሰው ደግሞ ከአካውንቱ ሳይወጣና «ፋይንድ ማይ» የተባለውን የጠፋ ዕቃ መፈለጊያ ሳያጠፋ ከሰጠ፣ ማሽኑ ተቆልፎ ሊቀር ስለሚችል የሰጠው ቆንጆ የብረት ትሪ ነው፤ የባዮስ ይለፍ ቃል የተረሳበት ላፕቶፕም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ሳይቃጠል በቅጠል

አቧራ የለበሰ ኮምፒውተር የሚያስፈራ አይመስልም። አደጋው የተሰበሰበው በጥቂት ቦታዎች ነው።

የላፕቶፕ ባትሪ ሊቲየም ነው። የመዳሰሻው ሰሌዳ ከፍ ካለ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ፣ የታችኛው ሽፋን ከተነፋ ባትሪው አብጧል። ቻርጅ አይደረግም፣ አይጫንም፣ «ትንፋሹን ላስወጣለት» ተብሎ በመርፌ አይወጋም፤ ሲወጋ ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፣ የብረት ጫፎቹን በናስትሮ መሸፈን፣ ደረቅ አሸዋ ባለበት የብረት ባልዲ ወይም ጣሳ ውስጥ ከቤት ውጭ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ማስቀመጥ። ያላበጠውም ቢሆን ጫፎቹ ይሸፈኑ፤ ቁልፍና ሳንቲም ካለበት መሳቢያ ጋር አይገናኝ። ያችን የሳንቲም ባትሪ ደግሞ ሕፃን ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች፤ እንደ ብሎን ጠረጴዛ ላይ የምትተው ዕቃ አይደለችም።

ፓወር ሰፕላዩን አትክፈቱ ያልኩት፣ 220 ቮልት ተስተካክሎ ትልቁ ካፓሲተር ላይ ሲቀመጥ 311 ቮልት ገደማ ስለሚሆን ነው። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ለጊዜው እዚያው ይቆያል። ከየኮምፒውተሩ ሥር የሚቀመጠው ዩፒኤስ ውስጥ ደግሞ ከሁለት ኪሎ በላይ የምትመዝን ባለ 12 ቮልት የእርሳስና አሲድ ባትሪ አለች። እሷን የሚፈልግ አይጠፋም፤ ችግሩ አንዳንዱ የሚፈልጋት አሲዷን ቦይ ውስጥ ደፍቶ እርሳሷን ግቢው ውስጥ ለማቅለጥ መሆኑ ነው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የሚወጣውም ዓይን ሳያየው ነው።

ሆዳሙ የድሮ ስክሪን ከሁሉም ይከብዳል። ብርጭቆው ውስጥ ኪሎ ሊሞላና ሊያልፍ የሚችል እርሳስ አለ፤ ውስጡ አየር አልባ ስለሆነ ሲሰበር ስብርባሪው ይረጫል፤ ሲሠራ የነበረ ከሆነ እስከ 25 ሺህ ቮልት ያስተናግድ ነበር። ጠፍጣፋውም ከ2010 (እ.ኤ.አ.) በፊት ገደማ የተሠራ ከሆነ ከጀርባው ቀጫጭን የመብራት ቱቦዎች ውስጥ ጥቂት ሚሊ ግራም ሜርኩሪ ይዟል።

ቆራሌው የሚወስደውና የሚተወው

«ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ በሰፈር ሲያልፍ አብዛኛው ሰው ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። ግማሹ እውነት ነው። ቆራሌውን የሚንቅ ሰው አልወድም፤ በዚህ አገር ዕቃን ሁለተኛና ሦስተኛ ዕድሜ የሚሰጡት እሱና መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉት ባለእጆች ናቸው። የሳጥኑ ቆርቆሮ ይሸጣል፣ የማቀዝቀዣው አሉሚኒየም ይሸጣል፣ መዳቡ ይሸጣል፣ የሚሠራው ራምና ፕሮሰሰር ጠጋኝ ጋ ይደርሳል፣ ወርቅ የተቀባው ቦርድ ለብቻው ይለያል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ለኮምፒውተርማ መብዛቱ ጥሩ ነበር።

የሚያሳስበው ምሳር የማይነካው ክፍል ነው። የስክሪኑ ብርጭቆ ገዢ የለውም። የሚፈለገው አንገቱ ላይ የተጠመጠመው መዳብ ስለሆነ አንገቱ ይሰበርና መዳቡ ይወጣል፣ እርሳስ ያለበት ብርጭቆ እዚያው ይቀራል። እሳት መከላከያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ገዢ የለውም። ያበጠ ባትሪ ገዢ የለውም። ገመድ ደግሞ መዳቡን ቶሎ ለማግኘት ይቃጠላል፤ የገመድ ፕላስቲክ ክሎሪን አለበት፣ ከመዳቡ ጋር አብሮ ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባለው መርዝ ይፈጠራል። ቦርዱን በአሲድ ዘፍዝፎ ወርቅ ለማውጣት የሚሞክርም አለ፤ ከአንዱ ቦርድ የሚወጣው ከግራም በታች ነው፣ የሚቀረው አሲድ ግን በባልዲ ነው።

ስለዚህ ለቆራሌው ከመስጠት በፊት እኛ የምንሠራት ሥራ አለች። ባትሪዎቹን አውጥቶ ለብቻ ማስቀረት። ዲስኩን ማጽዳት ወይም መስበር። ገመዱን «የሚላጥ እንጂ የሚቃጠል አይደለም» ብሎ መስጠት፤ የተላጠ መዳብ ከጠቆረው የተሻለ ዋጋ እንደሚያወጣ እነሱም ያውቁታል፣ የሚያቃጥሉት ጊዜ አጥተው ነው። ሆዳሙን የድሮ ስክሪን አለመስጠት።

የቀረው ወዴት ይሂድ? የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን ለብቻው የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ታውጇል። አቃቂ ላይም አሮጌ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን ለመፈታታት ተብሎ ማዕከል ተቋቁሟል። ጭናችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ደውሉ፤ ምን እንደሚቀበሉ፣ የድሮ ስክሪን ይወስዱ እንደሆነ፣ የተረከቡበትን ደረሰኝ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቁ። ደረሰኝ የማይሰጥ ተረካቢ መጨረሻውን አይነግራችሁም። በዓለም ደረጃም ቢሆን ነገሩ ያን ያህል የሚያኮራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከተፈጠረው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በአግባቡ መሰብሰቡ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው።

ከሻንጣው በፊት

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች «ለአገሬ ልላክ» ስትሉ ልባችሁን አውቀዋለሁ። ግን የማይሠራውን እዚያው ጣሉት፤ እናንተ ያላችሁበት አገር ለዚህ የተሠራ ሥርዓት አለው። በአውሮፓ ኅብረት ከ400 ካሬ ሜትር ያላነሰ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ያላቸው መደብሮች ከ25 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ዕቃ ምንም ሳትገዙ በነፃ መቀበል ግዴታቸው ነው። በእስራኤል አዲስ ስትገዙ ሻጩ ተመሳሳዩን አሮጌ ዕቃ የመውሰድ ግዴታ አለበት። በአሜሪካ «አር 2» ወይም «ኢ-ስቱዋርድስ» የሚል ማረጋገጫ ያለውን ድርጅት ፈልጉ። የቆሻሻን ከአገር አገር መዘዋወር በሚቆጣጠረው በባዝል ስምምነት ላይ በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ፣ አደገኛ የሚባለውም የማይባለውም፣ ያለ ተቀባዩ አገር ቅድመ ፈቃድ ድንበር መሻገር የለበትም። በኮንቴይነር መሐል የተሸጎጠ የሞተ ኮምፒውተር ስጦታ ሳይሆን ቆሻሻ ነው።

የምትልኩ ከሆነ ሞክራችሁ፣ የእያንዳንዱን መለያ ቁጥርና ያያችሁትን ሁኔታ በወረቀት ጽፋችሁ ላኩ። በ23 ኪሎ ሻንጣ ሁለት ከባድ ዴስክቶፕ ከማስገባት አሥር ኤስኤስዲና አሥር ራም ማስገባት ብዙ ማሽን ያስነሣል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ አይረሳ፤ ያለ ቻርጀር የመጣ ላፕቶፕ ቁጥሩ ብዙ ነው። ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፣ ከ100 ዋት ሰዓት ሳያልፍ፤ ያበጠው አውሮፕላን ላይ አይወጣም።

ሞዴል 22

አሁን ወደ እትዬ ደብተር ልመለስ። መውጫው በር የንብረት ወጪ ደረሰኙ፣ ሞዴል 22፣ ነው፤ ግን እዚያ ለመድረስ መንገድ አለው፦ ማሽኑ እንደማይጠገን የሚመሰክር የባለሙያ ሪፖርት፣ የአስወጋጅ ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የበላይ ኃላፊ ፊርማ። ብዙ መሥሪያ ቤት የሚሰናከለው የመጀመሪያዋ ላይ ነው። ባለሙያው «አይሠራም» ብሎ ይጽፋል፤ ኮሚቴው «ይጠገን ይሆን?» ብሎ ይመልሳል፤ ዓመት ያልፋል። የማያስመልስ ሪፖርት የማሽኑን መለያ ቁጥር፣ የሞተውን ክፍል፣ የተደረገውን ሙከራ፣ የመለዋወጫውን ዋጋ፣ የሚወጣውንና የሚቀረውን ዕቃ ይጽፋል። አንድ ገጽ አይሞላም።

ሁለት ወጥመዶችን ልጥቀስ። መለያ ቁጥር ካለው ማሽን ራም ነቅሎ ሌላ ማስነሣት ለእኛ ብልኀት ነው፤ ለኦዲተር ጉድለት ነው። ስለዚህ ካቻቢቴው ከመነሣቱ በፊት «ለመለዋወጫ ይዋል» የሚል ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሁለተኛው ሐራጅ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር በጅምላ ለጨረታ ሲወጣ ዲስኮቹ ውስጡ እንዳሉ ይሸጣሉ፤ የሠራተኛ ፋይል፣ የተማሪ ውጤት፣ የታካሚ ካርድ አብሮ ይሸጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ዲስኮቹ ከጨረታው በፊት ይውጡ ወይም ይጽዱ፣ ስንቱ እንደጸዳ ስንቱ እንደተሰበረ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።

ከሁሉ የሚቀለው ግን በሩ ላይ ማቆም ነው። ስጦታው ሲመጣ ቡናው ሳይፈላ ሶኬት ይፈለግ። እያንዳንዱ ይሰካ። የሚነሣው በሞዴል 19 ይግባ፤ የማይነሣው ወይ ከሰጪው ጋር ይመለስ፣ ወይ ዓይነቱ በሚጻፍበት መስመር ላይ «የማይሠራ፣ ለመለዋወጫ» ተብሎ ለብቻው ይመዝገብ። ሰጪው ቅር ካለው ቅር ይበለው።

የዚያ ትምህርት ቤት አራት ሳጥኖች በመጨረሻ ወጡ፤ ሁለት ገጽ ሪፖርት፣ ሦስት ስብሰባና አንድ ሞዴል 22 ፈጅተው። ከ12ቱ ስክሪኖች ሁለቱ ግን የድሮዎቹ፣ ሆዳሞቹ ነበሩ። የሚረከባቸው አልተገኘም። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ከመደርደሪያው ሥር አስቀምጠዋቸዋል፤ ጀርባቸው ላይ በማርከር «አይከፈት» ተብሎ ተጽፏል። በየዓመቱ ቆጠራ ሲመጣ አንድ መስመር ይይዛሉ፦ ስክሪን፣ ብዛት 2።